ዳኛ ሲያዳላ ወይም ሲያዋርድ ምን ይደረጋል? በአቡዳቢና በአል አይን ላሉ ኢትዮጵያውያን ባለጉዳዮች የቀረበ መመሪያ

ደመወዟን የተከለከለች እህት ወደ መህከማ (ፍርድ ቤት) ስትጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትፈራው ሕጉን ሳይሆን ዳኛውን ነው። «እኔ የቤት ሠራተኛ፣ አሠሪዬ የአገሩ ሰው፤ ማን ይሰማኛል?» ትላለች። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። የተባበሩት መንግሥታት የዳኞችና የጠበቆች ነጻነት ልዩ ራፖርተር የነበሩት ብራዚላዊቷ ዳኛ ጋብሪዬላ ክናውል በ2014 መጀመሪያ ላይ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን ጎብኝተው ነበር። ዜጋ ያልሆኑ ሰዎች፣ በተለይም የቤት ሠራተኞችና ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸው ስደተኞች፣ በፍትሕ ሥርዓቱ ውስጥ መድልዎ እንደሚገጥማቸው፣ አረብኛ ለማይናገሩ ሰዎች የሚቀርበው ትርጉምም በቂ እንዳልሆነ አሳስበዋል።

ይሁን እንጂ ፍርሃት ብቻውን ብዙ መብት ያስቀራል። ዳኛ ባለጉዳይን በእኩል ዓይን ማየቱ በበጎ ፈቃዱ የሚያደርገው ነገር ሳይሆን የሥራው ግዴታ ነው። ግዴታው ሲጣስ የሚያንኳኩት በር አለ፤ ግን በሩ ለእያንዳንዱ ጥፋት የተለያየ ነው፤ የሚዘጋበትም ቀን አለው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በሩን ሲስት ወይም ቀኑን ሲያሳልፍ ነው። ከታች ያሉት እርምጃዎች ያንን ለማስቀረት የተዘጋጁ ናቸው። ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን የኢትዮጵያ ሲሆን ይገለጻል።

1. የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚዳኝዎ ይወቁ

አል አይን ከአቡዳቢ ከተማ ብትርቅም የአቡዳቢ ኤምሬት አካል ናት። ስለዚህ የሁለቱም ከተሞች ፍርድ ቤቶች የሚተዳደሩት በአንድ ተቋም፣ በአቡዳቢ የፍትሕ መምሪያ ሥር ነው። መምሪያው በ2006 በወጣው ሕግ ቁጥር 23 የተቋቋመ ሲሆን ከፌዴራሉ የዳኝነት መዋቅር የተለየ ነው። አል አይን የራሷ የመጀመሪያ ደረጃና የይግባኝ ፍርድ ቤት አላት። በሌላ ኤምሬት ያለች ጓደኛዎ የነገረችዎ መንገድ ለእርስዎ ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው። ከአል አይን አጥር ማዶ ያለችው ቡረይሚ ደግሞ ኦማን ናት፤ እዚያ የተፈጸመ ነገር በሌላ አገር ሕግ ይታያል።

የቤት ሠራተኛ ከሆኑ ጉዳይዎ በቀጥታ ወደ ዳኛ አይሄድም። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 9 አለመግባባቱ መጀመሪያ ለሠራተኛ ሚኒስቴር እንዲቀርብ ያዛል። ሚኒስቴሩ በ14 ቀን ውስጥ ለማስማማት ይሞክራል፤ ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት ይመራል። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ሚኒስቴሩ ከ50,000 ድርሃም በማይበልጥ ጥያቄ ላይ ራሱ ሊወስን ይችላል። ውሳኔው ያላስደሰተው ወገን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የቤት ሠራተኛ ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ጉዳይ ላይ ዳኛው የሚሰጡት ፍርድ የመጨረሻ ሊሆን ስለሚችል፣ በዳኛው ላይ ቅሬታ ካለዎት ፍርዱን ሳይጠብቁ ማንሳት ይኖርብዎታል።

ሕንጻው ውስጥ የሚሰሟቸውን ቃላት አስቀድመው ይልመዱ፦ መህከማ ፍርድ ቤት ነው፤ ቃዲ ዳኛ፤ ኒያባ ዐቃቤ ሕግ፤ ሙተርጂም አስተርጓሚ፤ ጀልሳ ችሎት፤ መሕደር የችሎቱ ቃለ ጉባኤ፤ ኢስቲእናፍ ይግባኝ፤ ተፍቲሽ ቀዳኢ ደግሞ የዳኞችን ሥነ ምግባር የሚከታተለው የዳኝነት ኢንስፔክሽን።

2. ዳኛው የሚገዙበትን ደንብ ይወቁ

የአገሪቱ የ1971 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 94 ፍትሕ የመንግሥት መሠረት እንደሆነ ይደነግጋል፤ ዳኛውም ከሕጉና ከሕሊናው በስተቀር ለማንም እንደማይገዛ ይናገራል። አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ብሎ ይጀምራል፤ ዘርና ማኅበራዊ ደረጃን ለይቶ የሚጠቅሰው ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ዜጎች ነው። የውጭ አገር ሰው ክፍተቱን የሚሞላው በአንቀጽ 40 ነው፤ ይህ አንቀጽ አገሪቱ በፈረመቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ያሉትን መብቶች ለውጭ ዜጎች ይሰጣል። ኤምሬቶች የዘር መድልዎን የሚያስወግደውን ስምምነት የተቀበለችው በ1974፣ በሴቶች ላይ የሚደረግ መድልዎን የሚያስወግደውን ደግሞ በ2004 ነው። የመጀመሪያው በአምስተኛው አንቀጹ በፍርድ ቤት ፊት እኩል የመታየትን መብት በግልጽ ያስቀምጣል። አንቀጽ 41 ደግሞ ማንኛውም ሰው መብቱ ሲነካ ለሚመለከተው አካል አቤት እንዲል ይፈቅዳል።

ዳኞች በመላው ዓለም የሚያውቁት መለኪያ የባንጋሎር የዳኞች ሥነ ምግባር መርሆዎች ነው። በ2002 በሄግ የጸደቀው ይህ ሰነድ ስድስት እሴቶችን ያስቀምጣል፦ ነጻነት፣ ገለልተኝነት፣ ታማኝነት፣ ጨዋነት፣ እኩልነት፣ ብቃትና ትጋት። በእኩልነት ክፍሉ ዳኛ በቃልም በድርጊትም አድልዎ እንዳያሳይ፣ የችሎት ሠራተኞችም እንዳያሳዩ እንዲከለክል፣ ጠበቆችንም እንዲገታ ይጠይቃል። ይህ ሦስተኛው ነጥብ ትልቅ ነው። የአሠሪዎ ጠበቃ «እነዚህ ሰዎች ሁሌም ይዋሻሉ» ሲል ዳኛው ዝም ካሉ፣ ዝምታው ራሱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ያስነሳል።

የአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ2007 ያወጣው የዳኞች ሥነ ምግባር ሞዴል አቡዳቢን አያስገድድም፤ ምን መመልከት እንዳለብዎ ግን ያስተምራል። ስድብ፣ ማንቋሸሻ ቅጽል ስም፣ በአንድ ሕዝብ ላይ የሚነገር ቀልድ፣ አገርን ወይም ዘርን ከወንጀል ጋር ማያያዝ፣ ማስፈራራት፣ የማያስፈልግ የግል ባሕርይን ማንሳት፣ እነዚህን ሁሉ የአድልዎና የትንኮሳ ምልክት ይላቸዋል። የፊት ገጽታና የሰውነት እንቅስቃሴ ጭምር አድልዎን ሊያሳይ እንደሚችል ያሳስባል። ችግሩ የአንድ አካባቢ ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ የአሌክስ ኮዚንስኪ ጉዳይ ያሳያል። እኚህ ታዋቂ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ዳኛ በ2017 መጨረሻ፣ አብረዋቸው የሠሩ ሴቶች የትንኮሳ አቤቱታ ካቀረቡባቸው በኋላ ሥራቸውን ለቀዋል። የአገሪቱ የፌዴራል ዳኞች ደንብም በ2019 ትንኮሳን በግልጽ እንዲከለክል ተሻሽሏል።

ዳኛ ሰዎችን በእኩል ዓይን ይይ የሚለው መርህ ለአረቦችም ለኢትዮጵያውያንም ባህል እንግዳ አይደለም። ኸሊፋ ዑመር ለዳኛቸው ለአቡ ሙሳ አል አሽዐሪ ጻፉት የሚባለውና ብዙ የአረብ ዳኞች በትምህርታቸው የሚያገኙት ደብዳቤ፣ ዳኛ በአቀባበሉም በማስቀመጡም ሰዎችን እኩል እንዲያደርግ ያዛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በአረብኛ ተጠናቅሮ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ለዳኞች የተለየ አንቀጽ አለው። ስለዚህ ችሎት ቆመው «ሙሳዋ»፣ እኩልነት፣ ብለው ሲጠይቁ ዳኛው በሚገባ የሚያውቁትን ነገር እያስታወሱ ነው።

ከሥነ ምግባር አልፈው ወንጀል የሚሆኑም አሉ። በ2023 የወጣው የፀረ መድልዎና ፀረ ጥላቻ አዋጅ ቁጥር 34 በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በብሔረሰብ ምንጭ ላይ የተመሠረተ መድልዎን ይቀጣል። በ2021 የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በድርጊት፣ በቃል ወይም በምልክት የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን ያስቀጣል።

3. ቁጡ ዳኛንና አድሏዊ ዳኛን ይለዩ

ይህ እርምጃ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዳኛ ቢያቋርጥዎ፣ ድምፁን ከፍ ቢያደርግ፣ ሰነድዎን ባይቀበል፣ አሠሪዎን ረዘም ላለ ጊዜ ቢሰማ ወይም ቢፈርድብዎ ይህ ብቻውን አድልዎ አይባልም። በአቡዳቢ ችሎት ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙው ክርክር በጽሑፍ ስለሚቀርብ ዳኛው በቃል ክርክር ላይ ብዙ አይቆዩም። ብዙ ዳኞች ከግብፅ፣ ከሱዳን፣ ከዮርዳኖስና ከሌሎች የአረብ አገሮች የመጡ ስለሆኑ አነጋገራቸው እርስዎ ከለመዱት አረብኛ ሊለይ ይችላል።

ሃይማኖትን ወይም ዜግነትን መጠየቅም ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በቤተሰብ ጉዳይ የሚሠራው ሕግ የሚለየው በዚህ ነው፤ አቡዳቢ በ2021 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 14 ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች የተለየ የሲቪል ቤተሰብ ፍርድ ቤት አቋቁማለች። ዳኛው ሃይማኖትዎን የሚጠይቁት የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ለማወቅ ከሆነ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። በደመወዝ ክርክር መሐል «ክርስቲያን ነሽ፣ ለምን እንመንሽ?» ቢሉ ግን ጥያቄው ከጉዳዩ ጋር ምንም አያገናኘውም።

አድልዎ ወይም ትንኮሳ ሊሆኑ የሚችሉት እነዚህ ናቸው፦

• አገርዎን፣ ቀለምዎን፣ ጾታዎን ወይም ሥራዎን ምክንያት አድርጎ ቃልዎን ማጣጣል።

• በቋንቋዎ ወይም በአነጋገርዎ ማላገጥ፣ ወይም ሌሎች ሲያላግጡ ዝም ብሎ ማየት።

• አስተርጓሚ ጠይቀው ያለ ምክንያት መከልከል፣ ለሌላኛው ወገን ግን መፍቀድ።

• ከአንዱ ወገን ጋር ለብቻ ስለ ጉዳዩ መነጋገር።

• «ክሱን ካልተውሽ አገርሽ እንድትባረሪ አደርጋለሁ» የሚል ማስፈራሪያ።

• የግል ስልክ ቁጥር መጠየቅ፣ ከችሎት ውጭ ለመገናኘት መጋበዝ፣ ስለ ሰውነትዎ አስተያየት መስጠት፣ መንካት፣ ወይም ለፍርዱ በምላሹ የወሲብ ነገር መፈለግ።

የመጨረሻው ከአንድ ጊዜ በላይ እስኪደጋገም አይጠበቅም። የሴት ዳኞች ዓለም አቀፍ ማኅበር በሥልጣን አስገድዶ ወሲብ መፈለግን እንደ ገንዘብ ጉቦ ሁሉ ሙስና ብሎ ሲታገለው ቆይቷል።

4. ከቀጠሮው በፊት አስተርጓሚዎን ያረጋግጡ

የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አረብኛ ነው። አረብኛ የማይችል ሰው ግን በአስተርጓሚ ይሰማል፤ ይህ በሕግ የተቀመጠ ነው። አቡዳቢ በ2018 መጨረሻ በአንዳንድ ክሶች እንግሊዝኛን፣ በየካቲት 2019 ደግሞ ሕንድኛን ለፍርድ ቤት ሰነዶች ፈቅዳለች። አማርኛ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎ ክሱን ሲያስመዘግቡ ጀምሮ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ» ብቻ አይበሉ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ብለው ይለዩ።

የመዳም (የአሠሪዎ) ዘመድ፣ የመክተቡ (የኤጀንሲው) ሠራተኛ ወይም ከሌላኛው ወገን ጋር የመጣ ማንኛውም ሰው እንዲተረጉምልዎ አይፍቀዱ። አስተርጓሚው የሚናገረው ካልገባዎ ወይም ያላሉትን ካለ ወዲያው ይናገሩ። በአረብኛ የተጻፈ ቃል ላይ በሚገባዎት ቋንቋ ሳይነበብልዎ አይፈርሙ። በፖሊስም በኒያባም በችሎትም ይህ መብትዎ ነው።

ኢሚሬትስ አይዲዎን፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ ኮንትራት፣ የደመወዝ ማስረጃና የዋትስአፕ መልእክቶችን በቀን ቅደም ተከተል ያዘጋጁ። በቪዲዮ የሚካሄድ ችሎት ከሆነ ጸጥ ያለ ክፍልና የተሞላ ስልክ ያስፈልግዎታል፤ አሠሪዎ ባሉበት ክፍል ሆነው ቃል አይስጡ። የሚቻል ከሆነ የሚያምኑት ሰው አብሮ ይሂድ፤ ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከኋላ ተቀምጦ መስማት ይችላል። ያ ሰው ነገ ምስክር ሊሆን ይችላል።

5. ችሎት ውስጥ በአጭሩና በአክብሮት ይቃወሙ

ያልተገባ ቃል ሲሰሙ መልስ መመለስ ያስቆጣል፤ ዝም ማለት ደግሞ ነገሩ እንዳልተነገረ ያስቆጥራል። ከሁለቱ ይልቅ ነገሩ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ይጠይቁ። እነዚህን አጫጭር አረፍተ ነገሮች ይያዙ፦

«ኡሪድ ሙተርጂም»፦ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።

«ማ ፈሂምት»፦ አልገባኝም።

«አርጁ ኢስባት ዛሊክ ፊ መሕደር አልጀልሳ»፦ ይህ በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር እጠይቃለሁ።

በአማርኛ በአስተርጓሚ ሲናገሩ እንዲህ ይበሉ፦ «ክቡር ዳኛ፣ በአክብሮት፣ የቤት ሠራተኛ ስለሆንሁ አልታመንም የሚለው ቃል በመዝገቡ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ወደ ክርክሬ እመለሳለሁ።» ይህ አባባል ማንንም አይሰድብም፣ ችሎቱን አይረብሽም፤ ግን ለይግባኙም ለአቤቱታውም መሠረት ይጥላል። ዳኛው አልጽፍም ቢሉ አይከራከሩ። መጠየቅዎን ራስዎ ይመዘግቡታል።

ዳኛን ወይም የመንግሥት ሠራተኛን መስደብ ወንጀል ነው። ድምፅዎ ከፍ ካለ ተበዳይዋ እርስዎ ሆነው ሳለ ተከሳሽ ሊሆኑ ይችላሉ።

6. የዚያኑ ዕለት ይጻፉ፤ ግን አይቅረጹ

ብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ነው። አይቅረጹ። የሰውን ድምፅ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ መቅረጽና ማሰራጨት በ2021ዱ የሳይበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 34 ያስቀጣል፤ ይህ በቪዲዮ ለሚካሄድ ችሎትም ይሠራል። በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ ዳኛን በስም ማንሳትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ እውነት ቢናገሩ እንኳ ስም በማጥፋት ሊከሰሱ ይችላሉ።

ከችሎት እንደወጡ፣ አውቶቡስ ላይም ቢሆን፣ በራስዎ እጅ ይጻፉ፦

ቀንና ሰዓት፤ የጉዳይ ቁጥር፤ የችሎቱ ቁጥር፤ የተነገረው ቃል በተነገረበት ቋንቋ፣ የአስተርጓሚው ትርጉም ለብቻው፤ ማን ሰማ፤ እርስዎ ምን አሉ፤ በመሕደር ሰፈረ ወይስ አልሰፈረም።

«ናቀኝ»፣ «ጠላኝ» የሚሉ ቃላትን ይተዉ። የኢንስፔክሽን ሰው የሚመረምረው የተነገረውንና የተደረገውን ነው፤ ስሜትዎን ከዚያ ራሱ ይረዳዋል። ጽሑፉን ፎቶ አንስተው ለሚያምኑት ሰው ይላኩ፤ የተላከበት ቀን በስልኩ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ከፍርድ ቤቱ ይጠይቁና ከማስታወሻዎ ጋር ያመሳክሩ።

7. ትክክለኛውን በር ይምረጡ

ፍርዱ ተሳስቷል የሚሉ ከሆነ፦ በርዎ ይግባኝ ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ በአጠቃላይ 30 ቀን፣ በአስቸኳይ ጉዳዮች 10 ቀን፣ በወንጀል ጉዳይ 15 ቀን አለዎት። አድልዎ ስለነበረ ማስረጃዬ አልታየም ካሉ፣ ያልታየውን ማስረጃ ለይተው ይጻፉ። የይግባኝ ችሎት «ዳኛው ጨካኝ ነው» ከሚል ይልቅ «የደመወዝ መልእክቴ በገጽ ይህን ያህል ቀርቦ ሳለ በፍርዱ አልተጠቀሰም» የሚለውን ያያል።

ዳኛው ጉዳዩን ማየት የለበትም የሚሉ ከሆነ፦ በአገራችን «ዳኛ ይነሳልኝ» የሚባለው እዚያ «ረድ አልቃዲ» ይባላል። ሕጉ ሁለት ዓይነት ምክንያት ያውቃል። አንደኛው ማንም ባይጠይቅ እንኳ ዳኛውን የሚከለክለው ነው፦ ከተከራካሪው ጋር እስከ አራተኛ ደረጃ የሚደርስ ዝምድና፣ በጉዳዩ ያለው የግል ጥቅም፣ ወይም ቀደም ሲል በዚያው ጉዳይ ጠበቃ፣ ባለሙያ ወይም ምስክር ሆኖ መቆየት። ሁለተኛው እርስዎ ጠይቀው የሚነሳበት ነው፦ ከአንዱ ወገን ጋር ያለ ጠላትነት ወይም ወዳጅነት፣ አብሮ የመብላት ወይም የመኖር ልማድ፣ የተቀበለው ስጦታ። ጥያቄው ክርክርዎን ከማቅረብዎ በፊት መቅረብ አለበት፤ በኋላ የሚቀበሉት ምክንያቱ በኋላ ከተፈጠረ ወይም በኋላ ካወቁት ብቻ ነው። ማስያዣ ገንዘብ ሊጠየቅ፣ ውድቅ ሲሆንም መቀጮ ሊከተል ስለሚችል ያለ ጠበቃ አይሞክሩት። ዳኛው የአሠሪዎ አገር ሰው መሆኑ ወይም ቀደም ሲል ጥያቄዎን አለመቀበሉ ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

ዳኛው በቃል ወይም በድርጊት ክብርዎን ነክቷል የሚሉ ከሆነ፦ በርዎ የዳኝነት ኢንስፔክሽን ነው። ይህ ክፍል የዳኛን ሥነ ምግባር ይመረምራል፤ ፍርዱን ግን አይቀይርም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አቤቱታውን አስገብቶ መልስ ሲጠብቅ የይግባኙ ቀን ያልፍበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያካሂዱ፤ ይግባኙ ይቅደም።

ወንጀል ከተፈጸመብዎ፦ ለመንካት፣ ለወሲብ ጥያቄ፣ ለማስፈራሪያ በርዎ ፖሊስና ኒያባ ነው። ዳኛን ለመክሰስ የተለየ ሥነ ሥርዓት አለ፤ ያንን የሚያከናውኑት እነሱ ናቸው፤ የእርስዎ ድርሻ ማመልከት ነው። ለአደጋ 999 ይደውሉ፤ የአቡዳቢ ፖሊስ የአማን አገልግሎት 8002626 መረጃን በምስጢር ይቀበላል። ቃል ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ወይም ኤምባሲ ያማክሩ፤ በወሲብ ጉዳይ የአገሩ ሕግ ጥብቅ ስለሆነ የሚናገሩት እያንዳንዱ ቃል በትክክል መተርጎም አለበት።

ጥፋቱ የጸሐፊ፣ የጥበቃ ወይም የአስተርጓሚ ከሆነ፦ ለፍርድ ቤቱ አስተዳደር ያመልክቱ፤ ያለበለዚያ ለዳኛው ራሱ ይንገሩ። በሥሩ ያሉትን ሠራተኞች የመግታት ኃላፊነት የእሱ ነውና ብዙ ጊዜ እዚያው ይስተካከላል።

8. አቤቱታዎን በአንድ ገጽ ይጻፉ

አቤቱታው በአረብኛ መቅረብ ስላለበት መጀመሪያ በአማርኛ አጥርተው ይጻፉና በሕጋዊ ተርጓሚ ያስተርጉሙ። ቅርጹ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለአቡዳቢ የፍትሕ መምሪያ የዳኝነት ኢንስፔክሽን። እኔ (ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር) በአል አይን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በጉዳይ ቁጥር (…) ከሳሽ ነኝ። በ(ቀን) በነበረው ችሎት ዳኛው የሚከተለውን ተናግረዋል፦ (…)። ይህን የሰሙት (…) ናቸው። በመዝገብ እንዲሰፍር ጠይቄ አልሰፈረም። ቃሉ ከክርክሩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ በዜግነቴና በሥራዬ ላይ የተመሠረተ ነው። ጉዳዩ እንዲጣራልኝ፣ በቀጣይ ችሎትም አስተርጓሚ እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ። ስለ ፍርዱ ይዘት ያለኝን ቅሬታ በይግባኝ ለብቻው አቅርቤያለሁ።»

የተቀበሉበትን ቁጥር ሳይዙ አይውጡ። የማያውቁትን አይጨምሩ፤ እያወቁ የሐሰት ክስ ማቅረብ ራሱ ወንጀል ነው፤ አንድ የተጋነነ መስመር ደግሞ አሥሩን እውነት ያበላሻል።

9. ሲያመለክቱ ራስዎን ይጠብቁ

«ቃዲውን አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ገንዘብ ስጪኝና ጉዳይሽን አስጨርሳለሁ» የሚል ሰው ይመጣል፤ አንዳንዴም የሚመጣው ከእኛው መሐል ነው። ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም ይቀጣሉ፤ ገንዘቡም ተመልሶ አይገኝም። በእውነተኛ ጉዳይዎ ላይ ጥላ የሚጥለው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

የሚተኙበት ቤት የአሠሪዎ ከሆነ፣ አቤቱታውን ከማስገባትዎ በፊት የት እንደሚያርፉ ያስቡ። ስለ ሠራተኛ ክስ ለመጠየቅ 80084 አለ። ተገደው የሚሠሩ፣ ፓስፖርታቸው የተያዘ ወይም ለወሲብ የተገደዱ ሰዎች የኢዋእ መጠለያን በ8007283 ማግኘት ይችላሉ። አሠሪዎ ጠፍታለች ብሎ ካስመዘገብዎ ይህን ለጠበቃዎ ወይም ለኤምባሲው ቀድመው ይንገሩ፤ መደበቁ ነገሩን ያባብሰዋል። አቡዳቢ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በዳኛ ሥራ ጣልቃ አይገባም፤ አስተርጓሚ እንዲገኝ መጠየቅ፣ ችሎት ላይ መገኘት፣ ሰነድ ማረጋገጥና የጠበቃ አድራሻ መስጠት ግን ይችላልና ይጠይቁት።

ጉዳይዎ አገር ቤት ከሆነ፣ ለምሳሌ ከላኪ ኤጀንሲ፣ ከፍቺ ወይም ከውርስ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ውክልና በኤምባሲው አረጋግጠው ይላኩ። እዚያም መርሁ ያው ነው። በ2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጡት የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 እና የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233 የዳኛን መነሳትና ተጠያቂነት ይደነግጋሉ፤ የሥነ ምግባር አቤቱታ የሚቀርበው ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። እዚያም እንደ አቡዳቢው የፍርድ ስህተት በይግባኝ፣ የሥነ ምግባር ጥፋት በአቤቱታ ይታያል።

10. ዛሬ የሚያደርጉት

ክርክር ላይ ካሉ ሁለት ቀኖችን በካላንደር ላይ ያስፍሩ፦ የሚቀጥለውን ችሎትና የይግባኙን የመጨረሻ ቀን። ከዚያ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ የሚጠይቅ አጭር ማመልከቻ ያስገቡ። ገና ካልተከራከሩ ደግሞ በእርምጃ 5 ያሉትን ሦስት የአረብኛ አረፍተ ነገሮች ይለማመዱ፤ ጎረቤትዎ ላለች፣ ፊደል ላልቆጠረች እህትም በቃል ያስጠኑ። አድልዎ የሚለመደው ተበዳዩ ሲፈራና ምስክሩ ሲጠፋ ነው፤ በስም፣ በቀንና በጽሑፍ የሚመጣ ባለጉዳይ ሲበዛ ግን ዳኛም፣ ጸሐፊም፣ አሠሪም ቃላቸውን ይመጥናሉ። የእርስዎ አንድ ገጽ ለራስዎ ጉዳይ ባይጠቅም እንኳ ከኋላዎ ለምትቆመው ይጠቅማልና ሳይፈሩ፣ ሳያጋንኑ፣ ሳይዘገዩ ያስገቡት።